በመኪና ወደ ስሜን ተራሮች፡- በጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ መስመር ለሚደረግ አገር አቋራጭና ድንበር ተሻጋሪ ጉዞ የሚያስፈልግ ዝግጅት

ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚያመራው መንገድ በአገራችን ከሚገኙ እጅግ ማራኪ የመኪና ጉዞ መስመሮች አንዱ ነው። ተጓዡ በአንድ መስመር ላይ የወገራን ሰፊ የገብስ ማሳ፣ የደጋውን ብርድ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለትና የዛሪማን ቆላ ያገኛል። ይሁን እንጂ ይኸው መስመር ከፍተኛ ጥንቃቄና ቅድመ ዝግጅት የሚጠይቅ ነው።

ይህ ገጽ በራሳቸው ወይም በተከራዩት ተሽከርካሪ ለመጓዝ የሚያቅዱ ኢትዮጵያውያን፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ጎብኚዎች ሊያሟሏቸው የሚገቡ ሰነዶችን፣ የፓርኩን የአገባብ ሥርዓትና በመንገድ ላይ ሊወሰዱ የሚገባቸውን ጥንቃቄዎች ያብራራል። በገጹ የተጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል፤ መንገዱ በታሰበው ሳምንት ለጉዞ አስተማማኝ ነው ወይ? የፓርኩ መግቢያ ፈቃድ የትና መቼ ይወሰዳል? ተሽከርካሪው የውጭ አገር ታርጋ ያለው ከሆነ በየትኛው ኬላ ይገባል፣ በየትኛውስ ይወጣል? የሆቴልም ሆነ የመኪና ኪራይ ክፍያ መፈጸም ያለበት እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኙ በኋላ ነው።

1. የጸጥታ ሁኔታን ማረጋገጥ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት በዳባትና በደባርቅ አካባቢ ጭምር በሰው ሕይወትና በንብረት ላይ ጉዳት አድርሷል፤ የቱሪዝም እንቅስቃሴውንም አቋርጦት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው የጸጥታ ችግርም በየብስ መንገዶች ላይ የሚደረግ ጉዞ በተለያየ ጊዜ ተስተጓጉሏል። በዚህም ምክንያት አንድ መንገድ ባለፈው ወር ክፍት መሆኑ በዚህ ሳምንትም ክፍት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት፣ እንዲሁም በጉዞው በእያንዳንዱ ቀን ጠዋት፣ የጎንደር ከተማን፣ የሰሜን ጎንደር ዞንንና የሚያልፉባቸውን ወረዳዎች የጸጥታና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም በደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርባቸዋል። በመስመሩ ላይ በየዕለቱ የሚመላለሱ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌሮች የሚሰጡት መረጃም ጠቃሚ ነው፤ አውቶቡስና ሚኒባስ ባልወጣበት ቀን የግል መኪና ይዞ መውጣት አይመከርም።

የውጭ አገር ጎብኚዎች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ማጣራት ይጠበቅባቸዋል። በርካታ የጉዞ መድን ውሎች የጎብኚው መንግሥት «አትጓዙ» ብሎ ባስጠነቀቀበት አካባቢ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ አይከፍሉም። ስለሆነም የመድን ውሉን ከመነሳት በፊት ማንበብና ከመድን ሰጪው የጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበል ተገቢ ነው።

2. የመስመሩ ክፍሎች

2.1 ከጎንደር እስከ ደባርቅ

ይህ ክፍል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአስፋልት መንገድ ሲሆን፣ ያለ እረፍት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል። መንገዱ ከጎንደር ሲወጣ የቤተ እስራኤላውያን መንደር በነበረችው ወለቃ በኩል ያልፋል። ከዚያም ወደ ኮሶዬ ይወጣል፤ ከኮሶዬ አፋፍ ላይ የቆላው ሸለቆ ቁልቁል ስለሚታይ ለመጀመሪያ እረፍት ተስማሚ ነው። የወገራ ወረዳ ከተማ ከሆነችው አምባ ጊዮርጊስ በኋላ መንገዱ በደጋው ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዳባት፣ ቀጥሎም የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ደባርቅ ትገኛለች።

በዚህ ክፍል ለአደጋ መንስኤ የሚሆነው የመንገዱ ቀጥተኛነት የሚጋብዘው ፍጥነት ነው። ከብት፣ አህያና በግ የሚነዱ ገበሬዎች፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ በገበያ ቀን ደግሞ ብዙ እግረኞች መንገዱን ይጠቀሙበታል። በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ ከተሞች ውስጥ ፍጥነትን መቀነስ ግዴታ ነው።

2.2 ከደባርቅ ወደ ፓርኩ

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ኮረኮንች ሲሆን በቡይት ራስና በሳንቃበር አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እስከሚገኘው ጨነቅ ይደርሳል፤ ከዚያም የቧሂትን ተራራ ትከሻ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጨነቅ በኋላ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

በደረቁ ወቅት ከፍ ያለ መኪና በጥንቃቄ እስከ ሳንቃበር ሊደርስ ይችላል። ዝናብ ሲዘንብ ግን አራቱም ጎማ የሚነዳ ተሽከርካሪ ያስፈልጋል። አነስተኛ የቤት መኪና ይዘው የመጡ ተጓዦች መኪናቸውን በደባርቅ በሚጠበቅ ቦታ አቁመው መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ያለው ተሽከርካሪ ቢከራዩ ይመረጣል።

2.3 ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ

ደባርቅን አልፎ ወደ ሰሜን የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ ጎንደርን ከአስመራ ጋር ለማገናኘት በገደሉ ላይ ተቆፍሮ የተሠራ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ በተደጋጋሚ ጥምዝምዞች ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ የዛሪማ ቆላ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም በአዲ አርቃይና በማይ ፀብሪ በኩል ወደ ተከዜና ወደ ሽሬ አቅጣጫ ይቀጥላል።

መንገዱ ሲቀየስ ድንበር ተሻጋሪ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚህ መስመር ወደ ኤርትራ ለመደበኛ ተጓዥ ክፍት የሆነ የየብስ መተላለፊያ የለም። ተጓዦች አዲ አርቃይን ወይም ሽሬን የሰሜኑ ጉዟቸው መጨረሻ አድርገው ማቀድ ይኖርባቸዋል።

3. ሊማሊሞን ለመውረድና ለመውጣት የሚደረግ ጥንቃቄ

የሊማሊሞ ቁልቁለት ከመስመሩ ሁሉ ይበልጥ የሾፌሩን ብቃት የሚፈትን ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። በመሆኑም የሚከተሉት ነጥቦች ሊከበሩ ይገባል።

• ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት በደባርቅ ቆሞ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና መብራት መፈተሽ።
• በከባድ ማርሽ መውረድ፤ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መንሸራተት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን ማወቅ።
• ፍሬንን አጠር አድርጎ መርገጥና መልቀቅ፤ የመቃጠል ሽታ ከተሰማ ሰፋ ባለ ቦታ ቆሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ።
• ለሚወጣ ተሽከርካሪ፣ በተለይም ጭነት ለያዘ ከባድ መኪና፣ ቅድሚያ መስጠት።
• በእያንዳንዱ ጥምዝ ጥሩንባ ማሰማት፤ በጥምዝ ላይ አለመቅደም።
• ለፎቶግራፍ በጥምዝ ወይም በጠባብ ቦታ ላይ አለመቆም።
• ጭጋግ ሲወርድ ጉዞውን ማቋረጥ፤ በክረምት ከዝናብ በኋላ የሚናድ ድንጋይና አፈር ስለሚኖር ከደባርቅ ከመነሳት በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ መጠየቅ።

ቁልቁለቱን በጠዋት መጀመር ይመከራል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ደባርቅ የደረሰ ተጓዥ እዚያው አድሮ በማግስቱ ቢወርድ ይሻላል። በአካባቢው ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ገደማ በኋላ ይመሻል፤ በሊማሊሞ መሐል መኪና የተበላሸበት ሰው ደግሞ እርዳታ ለማግኘት ረጅም ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል።

4. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የአገባብ ሥርዓት

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሰፈራ፣ በእርሻና በልቅ ግጦሽ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ለዚህ ውጤት በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የጊች መንደር ነዋሪዎች መሬታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ መዛወራቸው አንዱ ምክንያት ነው። ጎብኚው የሚያየው ውበት የአካባቢው ሕዝብ ዋጋ የከፈለበት መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።

ፓርኩ የዋልያ መኖሪያ ነው፤ ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በየትኛውም ስፍራ በዱር አይገኝም። ቀይ ቀበሮ፣ በመንጋ የሚሰማራው ጭላዳ፣ ጅብራ፣ አስታና ጓሳም የአካባቢው መለያዎች ናቸው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና በአገራችን በከፍታው አንደኛ የሆነው ራስ ደጀን የሚገኘውም በዚሁ ሰንሰለታማ ተራራ ላይ ነው።

ጎብኚዎች የሚከተለውን ሥርዓት ያሟላሉ።

• የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው በደባርቅ ከተማ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ክፍያው እንደ ጎብኚው ዜግነት፣ እንደ ቆይታው ጊዜና እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት ይለያያል፤ ወቅታዊውን ታሪፍ በጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።
• ለምዝገባ ፓስፖርት ወይም የታደሰ መታወቂያና የተሽከርካሪው ሰነዶች ይቀርባሉ። የተሰጠው ደረሰኝ በመግቢያው በር ስለሚጠየቅ በእጅ መያዝ አለበት።
• እያንዳንዱ ቡድን በፓርኩ የተመደበ ስካውት ይዞ መጓዝ ግዴታው ነው። ለስካውቱ በመኪናው ውስጥ መቀመጫ መተው፣ አዳር ካለም ስንቁን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።
• አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ የሚፈልጉ ጎብኚዎች በደባርቅ ከተደራጁት የአካባቢው ማኅበራት ተራ በተራ ያገኛሉ። በመንገድ ላይ ከሚያስቆሙ ግለሰቦች ጋር ውል መግባት አይመከርም።
• ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ በፓርኩ ለማብረር አስቀድሞ የሚመለከታቸውን የመንግሥት አካላት ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።
• ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት ማንደድ የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ ለቀናት ቆይቶ ከውጭ አገር ጭምር የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እርዳታ አስፈልጎታል።
• ለጭላዳና ለሌሎች እንስሳት ምግብ መስጠት አይፈቀድም። ቆሻሻ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ደባርቅ መመለስ አለበት።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በሥራ ሰዓት የሚያስተናግድ በመሆኑ፣ ደባርቅ ከቀትር በፊት መድረስ ጊዜን ይቆጥባል።

5. ለተሽከርካሪና ለሾፌር የሚያስፈልጉ ሰነዶች

5.1 የኢትዮጵያ ታርጋ ላላቸው ተሽከርካሪዎች

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን በፍተሻ ኬላዎች ይጠየቃሉ። ተሽከርካሪው የተከራየ ከሆነ የኪራይ ውሉ፣ የሌላ ሰው ንብረት ከሆነ ደግሞ ሕጋዊ ውክልና መያዝ አለበት። ሁሉም ተሳፋሪዎች የታደሰ መታወቂያ ይይዛሉ።

5.2 የውጭ አገር ታርጋ ላላቸው ተሽከርካሪዎች

ከኬንያ፣ ከጅቡቲ ወይም ከሌላ አገር የሚገቡ ተጓዦች ተሽከርካሪያቸውን በጊዜያዊነት ለማስገባት ከጉምሩክ ኮሚሽን ፈቃድ ይወስዳሉ። ፈቃዱ ተሽከርካሪው በተወሰነለት ጊዜ ተመልሶ እንዲወጣ ያስገድዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልወጣ ተሽከርካሪ ቀረጥና ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። በብዙ አገሮች ለዚሁ ዓላማ የሚያገለግለውን ካርኔ የያዙ ተጓዦች በመግቢያው ኬላ ያለውን አሠራር አስቀድመው ማጣራት ይኖርባቸዋል።

ኢትዮጵያ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የመድን ሥርዓት አባል ናት። በአባል አገር የተመዘገበ ተሽከርካሪ ከአገሩ መድን ሰጪ ቢጫ ካርድ ይዞ ከመጣ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ይኖረዋል። በውጭ አገር መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ስላለው ሥርዓት የትራንስፖርት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቶችን መጠየቅ ያስፈልጋል።

5.3 የሰው መግቢያ ሰነድ

በየብስ የሚገቡ የውጭ አገር ዜጎች ቪዛ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማግኘት ይኖርባቸዋል። በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሰጠው ቪዛ ለአየር መንገደኞች የተዘጋጀ በመሆኑ፣ በየብስ ለመግባት የሚያገለግል መሆን አለመሆኑን ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሳያረጋግጡ መነሳት ከድንበር መመለስን ሊያስከትል ይችላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ያላቸው ሰዎች ቪዛ ሳይጠየቁ ይገባሉ፤ ሆኖም ካርዱንና ፓስፖርታቸውን አንድ ላይ መያዝ አለባቸው። የቢጫ ወባ የክትባት ማስረጃ መያዝም ይመከራል።

6. የድንበር መተላለፊያዎች

ለስሜን ተራሮች ቅርብ የሆነው ዓለም አቀፍ ድንበር መተማ ነው። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አልፎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ በሱዳን በኩል ከገላባት ጋር ይገናኛል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ስፍራ በመሆኑ ታሪካዊ ፋይዳው ከፍተኛ ነው። ሆኖም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት መተማ ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን ለማትረፍ የሚሻገሩበት በር ሆኗል። ይህ መስመር ለመዝናኛ ጉዞ አይመከርም።

በአሁኑ ወቅት ድንበር ተሻጋሪ ጉዞ ለሚያቅዱ ሰዎች የተሻለው አማራጭ በደቡብ በኩል ያለው የሞያሌ መተላለፊያ ነው። በሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ የድንበር አገልግሎቶች በአንድ ማዕከል ይሰጣሉ። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እስከ ደባርቅ ለመድረስ ብቻ ቢያንስ አራት የጉዞ ቀናት መያዝ ያስፈልጋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የጋላፊ መተላለፊያ ከጅቡቲ ጋር ያገናኛል። በሁለቱም መስመሮች የየአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ከኬንያ የሚገቡ አሽከርካሪዎች በዚያ በግራ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በቀኝ በኩል የሚነዳ መሆኑን ሊያስተውሉ ይገባል። መሪው በቀኝ በኩል የሆነ መኪና ፊት ለፊት ያለውን ለማየት ስለሚቸግረው፣ በተለይ በዓባይ በረሃና በሊማሊሞ መቅደም አይኖርበትም።

7. ወቅት፣ ጤናና ስንቅ

ለጉዞው ተስማሚ የሆነው ጊዜ ዝናቡ ከሚያበቃበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ተራራው አረንጓዴና በአበባ የተሸፈነ ይሆናል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን በጨነቅና ከዚያ በላይ ውርጭ ይጥላል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጭጋግና ጭቃ ይበዛል። በጥር 11 የሚከበረው ጥምቀት በጎንደር ብዙ እንግዳ ስለሚስብ ማረፊያ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል።

ከፍታ የሚያስከትለው ሕመም በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽ፣ በእንቅልፍ ማጣትና በድካም ይገለጻል። ከቆላ በአንድ ቀን ተነስቶ ጨነቅ ከማደር ይልቅ በጎንደርና በደባርቅ አንድ አንድ ሌሊት ማሳለፍ ሰውነትን ያለማምዳል። ምልክቱ ከታየ ወደ ላይ መውጣት መቆም አለበት፤ ከባሰ፣ በተለይ ሕመምተኛው እየተንገዳገደ ወይም ትንፋሽ እያጠረው ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ግድ ነው። ደባርቅ ሆስፒታል አላት፤ ከፍተኛ ሕክምና የሚገኘው ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው።

ነዳጅ በጎንደር ሞልቶ በደባርቅ መጨመር ይመረጣል፤ በፓርኩ ውስጥ ማደያ የለም። በማደያዎች ክፍያው እንደ ቴሌብር ባሉ ዲጂታል መንገዶች የሚፈጸም በመሆኑ፣ የውጭ አገር ጎብኚዎች ይህን አገልግሎት አስቀድመው ማመቻቸት ወይም አገልግሎቱ ካለው ሾፌር ጋር መጓዝ አለባቸው። በተራራው ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ የጥሬ ገንዘብ መጠባበቂያ፣ የታተመ ካርታና የስልክ ቁጥሮች በወረቀት ተጽፈው ይያዙ። ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ብርድ ልብስና የመጠጥ ውኃም አስፈላጊ ናቸው።

8. የአራት ቀን ጉዞ ናሙና

አንደኛ ቀን፡- ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከጎንደር መነሳት፤ በኮሶዬ ማረፍ፤ ከቀትር በፊት ደባርቅ ደርሶ የፓርኩን ፈቃድ መጨረስ፤ በደባርቅ ማደር።

ሁለተኛ ቀን፡- በቡይት ራስ ጭላዳዎችን ማየት፤ በሳንቃበር የጅንባርን ፏፏቴ መጎብኘት፤ በሳንቃበር ማደር።

ሦስተኛ ቀን፡- በማለዳ ወደ ጨነቅ መሄድ፤ በገደሉ አፋፍ ዋልያን በርቀት መመልከት፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ለመመለስ ተነስቶ በደባርቅ ማደር።

አራተኛ ቀን፡- የጸጥታውና የመንገዱ ሁኔታ ከተረጋገጠ በጠዋት በሊማሊሞ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ መውረድ። ካልተረጋገጠ ሊማሊሞን ከአፋፉ ላይ ተመልክቶ ወደ ጎንደር መመለስ። ይህ አማራጭ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ ሊካተት ይገባል፤ መመለሻ የሌለው ዕቅድ ተጓዡን ሳይረጋገጥ እንዲወርድ ይገፋፋዋል።

9. ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር

ሰዎችን ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ፍተሻ ኬላዎችንና የጸጥታ አካላትን አለማንሳት ያስፈልጋል። በዳባት ወረዳ በአለምዋጭ የተጠለሉ ኤርትራውያን ስደተኞችም የጉብኝት ትዕይንት አይደሉም፤ ያለ ፈቃድ ወደ መጠለያው መግባት አይፈቀድም። ለልጆች በመኪና መስኮት ገንዘብና ከረሜላ መወርወር ልጆቹን ወደ መንገድ ስለሚስብ ለአደጋ ያጋልጣቸዋል። መርዳት የሚፈልግ ተጓዥ በደባርቅና በዳባት ቢያድር፣ ቢመገብና የአካባቢውን አገልግሎት ቢጠቀም ጥቅሙ ለብዙ ቤተሰብ ይደርሳል።

10. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ያለ ስካውት ለአንድ ቀን ብቻ ፓርኩን መጎብኘት ይቻላል?
አይቻልም። ግዴታው ለአጭር ጉብኝትም ይሠራል።

የፓርኩን ክፍያ በመግቢያው በር መፈጸም ይቻላል?
ክፍያና ምዝገባ በደባርቅ ጽሕፈት ቤት ይጠናቀቃል፤ በበሩ ላይ ደረሰኝ ብቻ ይታያል።

በአንድ ኬላ የገባ የውጭ ታርጋ ተሽከርካሪ በሌላ ኬላ መውጣት ይችላል?
መውጫው ኬላ ፈቃዱ ሲወሰድ ለጉምሩክ ሊገለጽ ይገባል። በጉዞ ላይ ዕቅዱ ከተለወጠ ፈቃዱ ከማብቃቱ በፊት በአቅራቢያ ያለውን የጉምሩክ ቅርንጫፍ ማነጋገር ያስፈልጋል።

በመንገድ ላይ አደጋ ቢደርስ ምን ይደረጋል?
ተጎጂዎችን መርዳት፣ ለአምቡላንስ በ907፣ ለፖሊስ በ991 መደወል፣ ሌሎች ተሽከርካሪዎችን ከሩቅ ማስጠንቀቅ ይገባል። ሁለቱ ቁጥሮች በሁሉም ስፍራ ላይሠሩ ስለሚችሉ የወረዳው ፖሊስና የደባርቅ ሆስፒታል ስልክ አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።